ትሕትና ከነሙሉ ማዕረጉ

ትሕትና ራስን ዝቅ አድርጎ ማየት ነው። ይህ የመዝገበ ቃላቱ ፍቺ ነው፤ በአገልግሎት ላይ ያለው ትሕትና ግን ራስን ዝቅ አድርጎ ማሳየት ነው። ሁለቱን ቃላት የምትለያቸው አንዲት «ሳ» ብቻ ናት፤ የሙያው ጥበብ ሁሉ ያለውም እዚያች «ሳ» ውስጥ ነው።

የነገሩ መነሻ በቅፍርናሆም የታየ የሥልጣን ክርክር ነው። የማርቆስ ወንጌል በ9ኛው ምዕራፍ እንደሚተርከው የኢየሱስ ደቀ መዛሙርት መንገድ ለመንገድ ከመካከላቸው ማን እንደሚበልጥ ሲከራከሩ መጡ፤ ስለ ምን እንደ ተነጋገሩ ሲጠየቁም ዝም አሉ። መልሱ የተሰጣቸው አንድ ሕፃን በመካከላቸው በማቆም ነበር። በዚያ ዘመን ሕፃን የንጽሕና ሥዕል አልነበረም፤ ከቤቱ ሰው ሁሉ ማዕረግ የሌለው እርሱ ስለ ነበር ነው የተጠራው። ትምህርቱ ምን ያህል እንደ ገባቸው ለማወቅ አንድ ምዕራፍ ገለጥ ማድረግ ይበቃል፦ በ10ኛው ምዕራፍ እነዚያው ደቀ መዛሙርት ሕፃናትን ይዘው የመጡትን ሰዎች ሲገሥጹ ይገኛሉ፤ ጥቂት አለፍ ብሎም ሁለቱ የዘብዴዎስ ልጆች የቀኝና የግራ ወንበር ይጠይቃሉ። ማቴዎስ ለማኝ ሆና የቀረበችው እናታቸው እንደ ነበረች ጽፏል። በእናት በኩል ማስለመኑ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከልጅነት መንፈስ ብዙም የራቀ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ የተገኘው መፍትሔ ክርክሩን ማቆም ሳይሆን አቅጣጫውን መለወጥ ነው። ማን ይበልጣል መባሉ ቀርቶ ማን ያንሳል በሚለው ይሽቀዳደማሉ፤ አሸናፊው ግን እንደ ጥንቱ ከፊት ይቀመጣል።

የአቀማመጡ ሥርዓት የተቀዳው ወንጌላዊው ሉቃስ በ14ኛው ምዕራፍ ካስቀመጠው ምክር ነው፤ ሰርግ የተጠራ ሰው ዝቅተኛውን ስፍራ ይያዝ የሚለው ነው። ምክሩ በኢትዮጵያ ድግስ ላይ ወደ ሙሉ ሳይንስ አድጓል። ትሑቱ እንግዳ ዘግየት ብሎ ይመጣል፤ ቀድሞ ለመጣ ሰው ዝቅ ማለቱን የሚያይለት የለምና። ሲገባ ቤቱ «ኖር!» ብሎ ይነሣል፤ እርሱም «በእግዜር!» ይላል፤ ክብሩን ወደ ላይ አሻግሮ መነሣታቸውን ግን ለራሱ ያስቀራል። ቀጥሎ በሩ አጠገብ ያለችውን ዱካ ይመርጣል። «ኧረ በሞቴ፣ ወደ ላይ ይለፉ!» ይባላል። «ኧረ እዚሁ ይበቃኛል!» ይላል። የእንቢታው ቁጥር ልክ አለው። በመጀመሪያው ልመና የተነሣ ሰው ቸኩሏል፤ ከሦስት በላይ እንቢ ያለ ደግሞ እውነቱን መስሏቸው ሊተዉት ይችላሉ። በትሑት ሰው ላይ ሊደርስ ከሚችለው መከራ ሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ቃሉ እንዳለ ተወስዶ፣ ብርድ ከበሩ እየገባበት፣ ዱካዋ ላይ መቅረት። በዚህ ሁሉ ግብግብ መካከል አንድ ሰው ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ማስታጠቢያና ማንቆርቆሪያ ይዞ እየዞረ ያስታጥባል። ቁመቱ ከገበታው ብዙም አይበልጥም። እርሱን ወደ ላይ እለፍ የሚለው የለም፤ ልጅ ነዋ።

አነጋገሩም እንዲሁ ደንብ አለው። «እኔ ምን አውቄ» ለረጅም ንግግር መግቢያ ነው፤ ንግግሩ በረዘመ መጠን መግቢያው ይደጋገማል። «እኔ ኃጥኡ» የሚለው ደግሞ መልስ የማይፈልግ ዐረፍተ ነገር ነው። አድማጭ «ልክ ነዎት፣ ባለፈው ሳምንት እኔም አይቻለሁ» ብሎ ቢስማማ ትሕትናው በዚያው ቅጽበት ያበቃል፤ ጉዳዩም ወደ ሽማግሌ ያመራል። ምጽዋትን በተመለከተ ወንጌል ከፊት መለከት ማስነፋትን ይከለክላል፤ ስለ ድምፅ ማጉያ ግን ያለው ነገር የለም። ስለዚህ «ስማቸው እንዲጠቀስ ያልፈለጉ አንድ ወንድማችን» ይህን ያህል ሺህ ብር እንደ ሰጡ ይታወጃል። ጉባኤው ወዲያና ወዲህ እየተገላመጠ አንገቱን የደፋውን ሰው ይፈልጋል። ሰውየውም በቀላሉ እንዲገኝ ጠበቅ አድርጎ ደፍቶ ይጠብቃል።

በማዕረግ በኩል ያለው ታሪክ ረጅም ነው። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በጾሙ ብዛት «ጾመኛው» የተባለው የቁስጥንጥንያ ፓትርያርክ ዮሐንስ «የዓለም ሁሉ» የሚል ቅጽል በመጠሪያው ላይ ነበረው። ከ590 እስከ 604 (እ.ኤ.አ.) የሮም ጳጳስ የነበረው ጎርጎርዮስ ይህ ትዕቢት ነው፣ እንዲህ ተብሎ ለመጠራት የሚሻም የሐሳዊ መሲሕ መንገድ ጠራጊ ነው ሲል ተቃወመ። እርሱ ራሱ የመረጠው መጠሪያ «የእግዚአብሔር አገልጋዮች አገልጋይ» የሚል ነበር። የጎርጎርዮስ ልብ ቅን እንደ ነበር ማመን ይቻላል፤ ችግሩ መጠሪያው ከእርሱ በኋላም በሕይወት መኖሩ ነው። ቀድሞ ሌሎች ጳጳሳትም ራሳቸውን እንዲህ ይጠሩ ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን መጠሪያው ለሮሙ ጳጳስ ብቻ ተለይቶ ቀረ። ያን ያህል ዝቅ ማለት ለሌላ ሰው ያልተፈቀደበት ደረጃ ተደረሰ ማለት ነው።

የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናትም በዚህ ወደ ኋላ አልቀሩም። በጥንታዊቷ ቤተ ክርስቲያን መልአክነቱ፣ ሊቅነቱና መጋቢነቱ ለዕውቀትና ለኀላፊነት የሚሰጥ ነው፤ ተሸካሚው ግን ስሙ ያለ ማዕረጉ የተጠራ ዕለት ፊቱ ምን እንደሚመስል በቅርብ ያሉት ያውቃሉ። በአዳዲሶቹ አጥቢያዎች ነቢይነትና ሐዋርያነት በፖስተር ይለጠፋሉ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን «አገልጋይ» የሚለው ቃል ነው። ቃሉ ሎሌ ማለት ነበር፤ ዛሬ ከስም በፊት የሚገባ ማዕረግ ሆኗል። አገልጋዩ መጽሐፍ ቅዱሱን የሚይዝለት፣ የመኪናውን በር የሚከፍትለት፣ ከመድረክ ሲወርድ ላቡን የሚጠርግለት ሰው አለው። ይህ ሰው የአገልጋይ አገልጋይ ነው፤ ጎርጎርዮስ ይህን ስም የመረጠው እንዲህ ላለው ሰው መስሎ ቢታየው አይፈረድበትም።

ዝቅታ በሥርዓት ሲፈጸም ምን ያህል ዝግጅት እንደሚጠይቅ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1573 ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ በግሪንዊች የድሆች ሴቶችን እግር አጠበች። ንግሥቲቱ 39 ዓመቷ ስለ ነበር ድሆቹም 39 ነበሩ። ንግሥቲቱ ከመድረሷ በፊት ግን እነዚያኑ እግሮች በመጀመሪያ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠራተኞች፣ ቀጥሎ የምጽዋት ክፍሉ ምክትል፣ ከዚያም ዋናው የምጽዋት ኀላፊ አጥበዋቸው ነበር። ዝቅታው ሦስት ጊዜ ታጥቦ ከነጻ በኋላ ለግርማዊነቷ ቀረበ። ጴጥሮስ ኢየሱስ እግሩን እንዳያጥበው የተከራከረው ይህን የመሰለ ጽሕፈት ቤት ስላልነበረ ይሆናል።

በኢትዮጵያ ደግሞ ዝቅታው በቀለም ተመዝግቦ ቀርቷል። በጎንደር ዘመን የአሣሣል ልማድ ሥዕሉን ያሠራው ባለጸጋ ከእመቤታችን እግር ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ይሣላል። በጣና ሐይቅ ደቅ ደሴት አጠገብ ባለችው ናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ እንዲህ ተሥላ ትታያለች፤ በደረቷ ተኝታ፣ የክብር ልብሷን ለብሳ። የመደፋቱ አሣሣል ለልብሱ እጥፋት ሰፊ ቦታ ይሰጣል። ቤተ ክርስቲያኗን ማሠራቷ እውነተኛ ውለታ ነው፤ ከግድግዳው ላይ የጎደሉት ግንበኞቹ ናቸው። እነርሱ ሳይሣሉ ቀርተው ተዋረዱ፤ ይህ ግን እንደ ትሕትና አይቈጠርም፤ የሚያይ ስላልነበረ።

ከማዕረግ ማጣት ቀጥሎ ሁለተኛው የልጅነት ገጽታ የዋህ እምነት ነው። አማርኛ በዚህ ነገር ላይ ጠንቃቃ ነው፤ «የዋህ» በስብከት ላይ ምስጋና፣ በገበያ ላይ ስድብ ነው። በአገልግሎት ላይ ሁለቱ ትርጉሞች ሥራ ተከፋፍለዋል፦ የመጀመሪያው ለሰባኪው፣ ሁለተኛው ለተሰባኪው። የተባረከው ዘይት ለምን ዋጋ እንዳለው፣ የተዘራው ዘር ለምን በዘሪው ቤት እንዳልበቀለ፣ የሕንፃው ገንዘብ የት እንደ ደረሰ የሚጠይቅ ሰው «እንደ ሕፃን ሁን፣ አትመራመር» ይባላል። ይህን ምክር የሚሰጥ ሰው ልጅ አሳድጎ አያውቅም። ሕፃን ከነቃበት ሰዓት ጀምሮ እስኪተኛ «ለምን?» ይላል፤ ቃል የተገባለትን ከረሜላም በሦስተኛው ወር ያስታውሳል። ሉቃስ የ12 ዓመቱን ኢየሱስ በመቅደስ የሚያሳየው በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማና ሲጠይቅ ነው። እውነተኛ ሕፃናት የሞሉበት ጉባኤ ቢኖር ከየትኛውም ኦዲተር ይልቅ ለገንዘብ ያዡ የሚያስፈራ ይሆን ነበር። ስለዚህ ምእመናን እንዲመስሉ የሚፈለገው ሕፃኑን ሳይሆን የሕፃኑን ሥዕል ነው፤ ሥዕል አይጠይቅም። እውነተኛውን ልጅ በተመለከተ ብሂሉ ቀድሞ ፈርዷል፦ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም።

ሁሉም ነገር ተሰብስቦ የሚታየው በቅዱስ ቁርባን ሰዓት ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ተጠምቀው በዚያው ዕለት ይቈርባሉ፤ ከዚያም በኋላ ሕፃናት ይቈርባሉ። ጉርምስና ሲመጣ አብዛኛው ሰው ያቆማል፤ የሚመለሰውም ሲያረጅ ወይም በሥርዓተ ተክሊል ሲያገባ ነው። ምክንያቱ ሲጠየቅ መልሱ ትሕትና ነው፦ «አልበቃሁም»። ንስሓ የሚፈልግ ኃጢአት እንዳለበት አምኖ ወደ ኋላ መቅረት በራሱ የሚያስነቅፍ አይደለም። የሚገርመው ያው ሰው ለሰበካ ጉባኤ ምርጫ ሲጠቆም መብቃቱን አለመጠራጠሩ፣ ለክብር እንግዶች ወንበርም መብቃቱን አለመጠራጠሩ፣ በሌላው አለመብቃት ላይ ለመፍረድም እጅግ የበቃ መሆኑ ነው። አለመብቃቱ ከጽዋው ፊት ብቻ ይጀምርና እዚያው ያበቃል።

ያን ሰዓት ቅዱስ ቁርባኑ ከመቅደሱ ወደ ሕዝቡ ሲወጣ መጀመሪያ የሚቀርቡት ትንንሾቹ ናቸው። አንዱ በእናቱ ጀርባ እንቅልፉን አልጨረሰም፤ አንዱ አፉን ዘግቶ ያለቅሳል፤ ከፍቶ ሲያለቅስ ግን ይቀበላል። ስለ መብቃታቸው የጠየቃቸው የለም፤ እነርሱም አላነሡትም። አፋቸው በነጠላ ጫፍ ይሸፈንላቸዋል፤ ጠበሉን ይጠጣሉ፤ ቀጥሎም የዳቦ ጥያቄ ይነሣል። ትልልቆቹ ከኋላ እጃቸውን አጣምረው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ መንገድ ይለቁላቸዋል።