ተራብ ላለኝ ተረብ

«መክሳት የፈለገ ይሩጥ፤ መሮጥ ያቃተው ይራብ!» ይላል ሰውዬው። ጎበዝ፣ ሰማችሁት? ተራብ ላለ ሰው መልሱ ተረብ ነው። ጠጋ በሉ፤ ታክሲው እንደሆነ ገና አልሞላም።

መጀመሪያ መካሪያችንን እዩልኝ። ቦርጩ ከደረሰ ቆየ፤ እሱ ገና አሁን መድረሱ ነው። ሱሉልታ ስለሚኖር ራሱን ከሯጭ ይቆጥራል። የቀነኒሳ በቀለ መሮጫ ሜዳ ሰፈሩ ነው። የሯጮች ማረፊያው ያያ ቪሌጅም ሰፈሩ ነው። ያያ ሲባል አየና ወደ ቤቱ ተመለሰ። ጠዋት ጠዋት አትሌቶቹ ሲያልፉ በመስኮት ያጨበጭባል። የሚያልባቸው እነሱ፣ ቁርስ የሚደግመው እሱ! ወንድሜ፣ ሯጭ ሰፈር መኖር ካሎሪ አያቃጥልም። ቢያቃጥልማ አከራይህ እስካሁን የጂም ሂሳብ ጨምሮብህ ነበር።

«ቀነኒሳን አታይም?» ይለኛል። ኧረ አይቻለሁ! በ2019 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2:01:41 ሲጨርስ፣ ለዓለም ክብረ ወሰን ሁለት ሰከንድ ብቻ ሲቀረው አይቻለሁ። ባቱንና የተረከዝ ጅማቱን ሲያመው ደግሞ ከውድድር ሲቀርም አይቻለሁ። ቀነኒሳ ሲያመው ያርፋል። አንተ ግን ደረጃ ለመውረድ «እመብርሃን» የሚሉትን እናት አስፋልት ላይ ካላወጣሁ ትላለህ። «ጉልበት የላችሁም» ትለናለህ ደግሞ። አለን እንጂ! ሁለት ሁለት አለን። ሁለቱም ያሙናል።

ቡራዩ ያለው ጓደኛው የባሰ ነው። «አስፋልቱ ከጠነከረባችሁ አሸዋ ሜዳ ሩጡ፣ አሸዋ ለጉልበት ለስላሳ ነው» አለ። ጌታዬ፣ አሸዋ ሜዳ አሸዋው ስሙ ላይ ነው የቀረው። ሜዳውንም ፈልገህ ካገኘህ ደውልልን። ሰበታ ያለው ሦስተኛው ደግሞ ቃል በቃል ያንኑ ይደግማል። እነዚህ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ተብለው ሲጠቃለሉ ምክራቸውም አብሮ ተጠቃሏል መሰለኝ።

እሺ፣ ሂሳብ እንተሳሰብ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጠን ብለህ በእግርህ ብትሄድ የምታቃጥለው ከሁለት ሦስት ማንኪያ ዘይት አይበልጥም። እሱንም ጉልበትህ ከፈቀደ! አንተ እንጦጦን ለመውጣት ስታለከልክ፣ ምሳህ ላይ የተንቆረቆረው ዘይት በኮንትራት ታክሲ ቀድሞህ ቦርጭህ ላይ ወርዷል። ሻይህንም እንቁጠረው። በስኒ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ በቀን አራት ስኒ፤ ይኸው ወደ 200 ካሎሪ። «እኔ እኮ ከሻይ በቀር ምንም አልቀመስኩም» ትላለህ። ሻይ አልነበረም፣ ሽሮፕ ነበር።

ሐኪም ደግሞ «ጉልበት ለሚያመው ሰው ዋና ጥሩ ነው» ብሎት ነበር አሉ። ምን ቢመልስ ጥሩ ነው? «ቤታችን ውስጥ ዋና አለ!» እውነቱን ነው። ጎመኑ ይዋኛል። ድንቹ ይጠልቃል። ሽሮው ጀርባውን ዘይት ላይ አስተኝቶ ይንሳፈፋል። ደረቅ መሬት ላይ የቀረው እሱ ብቻ ነው። አያቶቻችን «ጎመን በጤና» ሲሉ እሱ የሰማው «ጎመን በጤፍ በዘይት በቅቤ» ነው።

«እኔ እኮ ጿሚ ነኝ!» ብሎ ደግሞ ደረቱን ነፋ። ጾሙን አልነካብህም፣ ጾሙ ምን አደረገ? እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾምህን አይተናል። ከዘጠኝ እስከ ምሽቱ ሦስት የሆነውንም አይተናል። ፓስቲው፣ ቦንቦሊኖው፣ ሳንቡሳው፣ ጥብሱ ድንች! ሥጋ የለበትም፣ ልክ ነህ። ቦታ አልተረፈለትማ! ቀኑን ሙሉ የተራበ ሆድ ማታ እንደ ጨዋ ሰው አይበላም፤ ውዝፉን ከነወለዱ ነው የሚጠይቀው። ርሃብ ያከሳል ብለህ ትጀምራለህ፣ ሰበታ ሳትደርስ ሰብተህ ታርፈዋለህ።

አሁን ደግሞ «ታዲያ ሳይራቡ መክሳት በተረት ነው» ብሎ ቡራዩ ላይ ቡራ ከረዩ ይላል። ቀስ በል፣ ድንች አምጡለት! «ድንች ያወፍራል» ሊል ነው፤ አውቄዋለሁ። በ1995 እ.ኤ.አ. የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 38 ምግቦችን እኩል 240 ካሎሪ አድርገው ለሰው አበሉና የትኛው ይበልጥ እንደሚያጠግብ ለሁለት ሰዓት ተከታተሉ። ነጭ ዳቦ 100 ተባለ። ቅቤ የበዛበት ክሩዋሳን 47 ላይ ቀረ። ቅቅል ድንች 323 አመጣና አንደኛ ወጣ! ቅቅል ነው ያልኩህ፣ ጥብስ አላልኩም። አንተን ያወፈረህ ድንቹ አይደለም፣ የገባበት መጥበሻ ነው። ድንቹማ ምስክር ሆኖ ቢጠራ በአንተ ላይ ያስፈርዳል።

ትሪውንም ላስተካክልልህ፣ ዞር በል። ጎመኑ፣ ካሮቱ፣ ሰላጣው የትሪውን ግማሽ ይያዝ። ጎመን ውኃና ቃጫ ስለሆነ ሆድ ይሞላል፣ ካሎሪው ግን ኢምንት ነው። ምስሩ፣ ክኩ፣ ሽሮው ወፈር ብሎ ይምጣ። ጥራጥሬ ፕሮቲንም ቃጫም ስላለው ሆድ ውስጥ ይቆያል፣ እንደ ከረሜላ ብልጭ ብሎ አይጠፋም። ዘይቱ ከጀሪካኑ እየተንዶለዶለ ሳይሆን በማንኪያ ተለክቶ ይግባ። እንጀራ አልከለከልኩህም፤ እንጀራ ከከለከልኩህ ይህ ሁሉ ታዳሚ በእኔ ላይ ይዞራል። እንጀራ ወጥ ማንሻ ነው። አንተ ግን ወጡን ጠቀስ አድርገህ እንጀራ ትጠቀልላለህ፤ «ጨምሩልን» ማለት ደግሞ የምግብ ጸሎትህ ሆኗል። ፍስክ ሲሆን እንቁላል ቀቅል። ሱሉልታ የወተት አገር ነው፣ አይብ ብላ። አይብ ቅቤው ከወጣ በኋላ ከአሬራው የሚሠራ ስለሆነ ስቡ ትንሽ ነው። ስቡ ቅቤው ውስጥ ቀርቷል። ቅቤውን አናትህ ላይ አድርገው፤ እዚያ እንኳ ባዶ ቦታ አይጠፋም።

ደግሞ ቀስ ብለህ ብላ! የሆድ «ጠገብኩ» የሚለው መልእክት አንጎል ዘንድ እስኪደርስ ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። አንተ በአምስት ደቂቃ ጨርሰህ የጎረቤትህን ትሪ ትቃኛለህ። መልእክቱ ሲደርስ ሳህኑ ታጥቧል። ከምግብ በፊትም ሁለት ብርጭቆ ውኃ ጠጣ። ገፈርሳ ግድብ ቡራዩ ካለው ጓደኛህ አጠገብ ተኝቶ አዲስ አበባን ያጠጣል፣ አንተ ለስላሳ ታዛለህ።

«ኪሎ ቢቀንስ ጉልበት ምን ይጠቀማል?» አለ አሁን። ተመስገን፣ አንድ ደህና ጥያቄ! በ2005 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጉልበታቸውን የሚያማቸውን 142 ወፈር ያሉ አዛውንት አጥንተው ነበር። ውጤቱ ይኸው፤ ሰው አንድ ኪሎ ሲጥል በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ይቀንሳል። አራት ኪሎ! ያለ ታክሲ! አምስት ኪሎ ከጣልክማ በየእርምጃው ሃያ ኪሎ ወረደልህ፤ ውኃ የሞላ ባለ ሃያ ሊትር ቢጫ ጀሪካን ከትከሻህ እንደ ማውረድ ነው። አንተ የምታውቀው አምስት ኪሎ ወያላ የሚጠራውን ብቻ ነው።

ስፖርት ካማረህም ዱካ ላይ ቁጭ በል። አንዱን እግርህን ቀጥ አድርገህ ዘርጋ። አምስት እስክትቆጥር ያዝ። አውርድ። በሌላው ድገም። ጉልበትን የሚደግፈው የጭን ጡንቻ እንዲህ ነው የሚጠነክረው። «ተቀምጦ ስፖርት?» ብሎ ሳቀ! ተቀምጠህ አይደል የወፈርከው? (ቀልዱን ትተን፤ መገጣጠሚያው ካበጠ፣ ከቀላና ከጋለ ጤና ጣቢያ ነው የሚኬደው። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ሐኪሙን ሳያማክር ምግብ አይቀንስም፣ አይዘልልም።)

በመጨረሻ ልቡን ያስጨነቀውን አወጣው፤ «ታዲያ እሑድ ቁርጥ በቢራ ሊቀር ነው?» አለ። ቁርጡን ልንገርህ። ሪህ የሚባለው በሽታ ደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ ሲበዛ የሚመጣ ነው። ቀይ ሥጋና ቢራ ደግሞ ሁለቱም ይጨምሩታል። ቁርጥ ብለህ ታዛለህ፣ ቁርጥማት ሆኖ ይመጣልሃል፤ «ማት»ዋን ቢራው ነው የመረቀልህ። ዝም ብሎ መራብም ያንኑ አሲድ ከፍ ያደርገዋል፤ «ተራቡ» ያልከን ሰውዬ፣ እሑድ በጥጋብ፣ ሰኞ በርሃብ የእግርህን አውራ ጣት ልትጨርሰው ነው።

«እኔ አልወፈርኩም፣ አጥንቴ ነው የሚከብደው» ብሎ ሊያመልጥ ሲል ታዳሚው ያዘው። መንገድ ዳር ሚዛን ይዞ የተቀመጠው ልጅ ፊት አቆሙት። ልጁ መርፌውን አየ። ሰውዬውን አየ። እንደገና መርፌውን አየ። «ጋሼ፣ እኔ የምመዝነው በኪሎ ነው» አለ፤ «በኩንታል ከሆነ ወፍጮ ቤቱ እዚያ ጋ ነው።»