ቁጥር ስምንትና ተፈታኙ፦ በሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ዝግጅት ላይ የቀረበ አጭር ጥናት

ለዚህ ጥናት ዓላማ የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ተፈታኝ የሚባለው፣ የጤና ምርመራውን ጨርሶ የፈተናውን ቀን በመጠባበቅ ላይ ያለ፣ ካፌ ሲቀመጥ ከጠረጴዛው ሥር በግራ እግሩ ማርሽ የሚቀይርና ወሬ እየሰማ ቀኝ መዳፉን ቀስ እያደረገ የሚጠመዝዝ ሰው ነው። አዋጅ ቁጥር 1074/2010 የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድን ሲደነግግ ለሞተር ሳይክል የራሱን ምድብ የሰጠ ቢሆንም፣ ከጠረጴዛ ሥር ስለሚቀየረው ማርሽ ግን ያለው ነገር የለም፤ የዚህ ጽሑፍ አስፈላጊነትም ከዚሁ ክፍተት ይመነጫል።

ተፈታኞች ጀማሪና ነባር ተብለው ይከፈላሉ። ስለ ጀማሪው ብዙ የሚባል የለም፤ አያውቅም፣ ይማራል፣ ይፈተናል። ለተመራማሪ የሚመቸው ነባሩ ነው። ነባር ማለት ለዓመታት ሞተር ሲነዳ የኖረ፣ ሰው አድርሶ ዕቃ መልሶ የሚያድር፣ የጎደለው ወረቀቱ ብቻ የሆነ ተፈታኝ ሲሆን፣ ወደ ማሰልጠኛ ሜዳ የሚመጣውም ለመማር ሳይሆን የሚያውቀውን ለጊዜው ለመርሳት ነው። በአንድ እጅ እየነዱ በሌላው ስልክ ማንሳትን፣ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር ማጥፋትንና በክላክስ ብቻ መግባባትን ትቶ፣ ከገዛው ጊዜ ጀምሮ አብርቶት የማያውቀውን ፍሬቻ በየመታጠፊያው እንዲያበራ ይገደዳል። ጀማሪው በሳምንታት ውስጥ የሚደርስበትን የጀማሪነት ደረጃ ነባሩ ብዙ ደክሞ እንኳ የማይደርስበት ጊዜ አለ።

የቴዎሪው ዝግጅት በአጭሩ ሊታለፍ የሚችል ነው። ዋናው የትምህርት መሣሪያ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ፣ ፎቶ ኮፒው ተደጋግሞ የትራፊክ ምልክቶቹ ወደ ጥቁር ነጠብጣብነት የተለወጡበት የጥያቄና መልስ ጥራዝ ሲሆን፣ የቀድሞ ባለቤቶቹ በእስክሪብቶ ያከበቧቸው መልሶች አንዳንዴ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። በዚህ ጊዜ ሥልጣን ያለው የመጨረሻው እስክሪብቶ ነው። ሁሉም ነገር ሲጠፋ ደግሞ «ሁሉም መልስ ናቸው» የሚለውን ምርጫ መያዝ ይመከራል፤ ይህ ምክር ከመንጃ ፈቃድ በፊት በሌሎች ፈተናዎች ሁሉ ያገለገለ በመሆኑ ከልምድ የመነጨ ዕውቀት ተደርጎ ይቆጠራል።

የተግባሩ ፈተና እምብርት ቁጥር ስምንት ነው። ይህም በኮን ወይም በመስመር ተከልለው አንገት ለአንገት የተገናኙ ሁለት ክቦች ማለት ሲሆን፣ ተፈታኙ እግሩን መሬት ሳያስነካ፣ ኮን ሳይገጭና ሞተሩ ሳይጠፋበት እንዲዞራቸው ይጠበቃል። ስምንት እየሠራ ወደ ሥራው የሚሄድ ሰው እስካሁን ያልታየ መሆኑ ፈተናውን አላስቀረውም። (በነገራችን ላይ ለፈተናው የተመረጠው ዓረብኛው ቁጥር መሆኑ በተፈታኙ ላይ የተደረገ ውለታ ነው፤ የግዕዙ ፰ ቢሆን ኖሮ ከላይና ከታች ያሉት ሰረዞች በስንተኛ ማርሽ እንደሚነዱ ለመወሰን ኮሚቴ ማቋቋም ባስፈለገ ነበር።)

ችግሩ ከፍጥነት የመጣ ነው። ሞተር ፈጠን ብሎ ሲሄድ ራሱን በራሱ የማቅናት ጠባይ ሲኖረው፣ በእግረኛ እርምጃ ሲሄድ ግን ይህ ጠባዩ ይከዳውና ሚዛን የመጠበቁ ሥራ ጠቅላላ በነጂው ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ ፈተናው የሚሰጠውም ማሽኑ ምንም በማያግዝበት በዚያው ፍጥነት ላይ ነው። መፍትሔውን አሰልጣኝ ሁሉ ይናገረዋል፦ አንደኛ ማርሽ ገብቶ፣ ፍሪሲዮን ግማሽ ተይዞ (ፍሪሲዮን በግራ እጅ የሚጨበጥ፣ የሞተሩን ጉልበት ከኋላ ጎማ የሚያገናኝና የሚያላቅቅ መሣሪያ ነው)፣ ነዳጅ ሳይቋረጥ፣ የኋላው ፍሬን በቀኝ እግር በስሱ ተረግጦ፣ የፊቱ ፍሬን ፈጽሞ ሳይነካ፣ ዓይን ወደሚደረስበት ስፍራ እንጂ ወደ ኮኑ ሳይመለከት ይዞራል። ኮኑን ያየ ኮኑን ይገጫል። ተፈታኙም ይህን ስለሚያውቅ ኮኑን ላለማየት ሲል ኮኑ የት እንዳለ ደጋግሞ ያረጋግጣል።

ሳይንስም በዚህ ረገድ የሚያጽናና ነገር የለውም። በ2011 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ብስክሌትን ሲሄድ አቅንተው ይይዙታል እየተባሉ ለረጅም ዘመን የተጠቀሱት ሁለት ምክንያቶች፣ ማለትም የጎማው መሽከርከርና የፊት ጎማው ከመሪው ዘንግ መስመር ወደ ኋላ መሬት መንካቱ፣ ሁለቱም በሌሉበት ብስክሌት ራሱን ሊያቀና እንደሚችል አሳይቷል። ሊቃውንት ተከራክረው ያልጨረሱትን ጉዳይ ተፈታኙ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ተሰልፎ በተግባር እንዲያስረዳ ይጠየቃል። ለንጽጽር ያህል ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባህ በ1885 እ.ኤ.አ. የሠሩት፣ የቤንዚን ሞተር ሳይክሎች አባት የሚባለው ማሽን በግራና በቀኝ ትንንሽ ደጋፊ ጎማዎች የነበሩት በመሆኑ ነጂው ስለ ሚዛን አልተጨነቀም፤ በሙከራ ጉዞው ላይ መቀመጫው ከሥሩ ባለው ሞተር እሳት እንደያዘ ስለሚተረክ ጭንቀቱ ሌላ ነበር።

ከሚዛኑ ቀጥሎ የሚመጣው፣ በዚህ ጥናት አስተያየት ከሁሉ የሚረቀው፣ የማየት ትርኢት ነው። በሜዳው ላይ ከኋላ የሚመጣ ተሽከርካሪ የለም፤ ቢኖርም ተራውን የሚጠብቅ ሌላ ተፈታኝ ነው። ይሁን እንጂ ስፖኪዮ መታየት አለበት፣ መታየቱም መታየት አለበት። ፈታኙ ከሩቅ የዓይን ብሌን ሲንቀሳቀስ ስለማይታየው ብልህ ተፈታኝ አንገቱን ከነሄልሜቱ ይጠመዝዛል፣ በቀኝ አይቶ በግራ ይደግማል፣ ከዚያም አይቶ እንደጨረሰ ለማስታወቅ ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል። በዚህ መካከል መንገዱን የሚያይበት ጊዜ ስለማይተርፈው ኮን የሚገጨው ብዙ ጊዜ እጅግ የተጠነቀቀው ተፈታኝ ነው።

ሄልሜቱ ራሱ የተለየ ታሪክ አለው። የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ሂዩ ኬርንስ፣ በ1935 እ.ኤ.አ. በሞተር አደጋ የሞተውን ቲ. ኢ. ሎውረንስን ካከሙት መካከል ሆኖ ባደረበት ሐሳብ ምርምር ጀምሮ፣ የራስ ቁር የሞተረኞችን ነፍስ እንደሚያተርፍ በ1941 እ.ኤ.አ. ያሳተመ ሲሆን፣ ሄልሜትን ክርን ላይ አንጠልጥሎ መንዳት ስለሚሰጠው ጥቅም ግን ያስቀመጠው ማስረጃ የለም። በፈተናው ቀን ሄልሜቱ ከክርን ወደ ራስ ይወጣል። ሜዳው ላይ አንዱ ሄልሜት ለብዙዎች ስለሚያገለግል ተፈታኙ ከእርሱ በፊት የተፈተኑትን ሰዎች የቅባት ዓይነትና የጭንቀት መጠን በአፍንጫው ይረዳል፤ የአገጩን ማሰሪያም ፈታኙ ቀና እስኪል ጠብቆ ቀጭ ያደርገዋል።

ያለፈው ተፈታኝ ፈቃዱን ይዞ ሲወጣ የሚጠብቀው መንገድ ስምንት የለበትም። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆነ፣ ከተማው በ2011 ዓ.ም. በሞተር እንቅስቃሴ ላይ ባወጣው ገደብ ምክንያት መንዳት ከመቻል ሌላ መንዳት መፈቀዱም የሚጣራ ጉዳይ ሆኗል። በክፍለ ሀገር ከተሞች ደግሞ ነጂው ለብቻው የሚሄድበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ከኋላው ሚስት፣ በመካከል ልጅ፣ በዓል ሲደርስም ከፊቱ ታንከሩ ላይ የተጋደመ በግ ይኖራል። በጉ በመታጠፊያ ላይ ነጂው ወደሚያዘነብልበት አቅጣጫ ማዘንበል እንዳለበት ማንም አልነገረውም፣ ስፖኪዮም አያይም፣ ፈታኙም በዕለቱ ስለ በግ አልጠየቀም።