አድሚናችን ሺህ ዓመት ይንገሥ!

የእድራችን ዳኛ እጅ ወጥቶላቸው ነው የተመረጡት። የእድራችን የቴሌግራም ግሩፕ አድሚን ግን ምርጫ አላስፈለገውም፤ ግሩፑን የከፈተው እሱ ነዋ! ጠፍ መሬት ያቀና ባለርስት እንደሚሆን ሁሉ ግሩፕ የከፈተም ባለግሩፕ ነው፤ እኛ ጭሰኞቹ ነን። ጭሰኝነት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቀርቷል የሚል ካለ ስልኩን ከፍቶ ይይ።

ፍርዱስ ቢሆን እንዴት ያለ ቀልጣፋ ነው! የጥንቶቹ ባላጋራዎች መንገደኛ አስቁመው፣ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ፣ ምስክር እየቆጠሩ ፀሐይ ትጠልቅባቸው ነበር። አድሚናችን ከሳሹም፣ ምስክሩም፣ ዳኛውም፣ ፍርድ አስፈጻሚውም ራሱ ስለሆነ አንድ አውራ ጣት ይበቃዋል። «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» የሚለውንም አሻሽሎልናል፤ ዳኛ ሲገኝ ዝም በል።

የቴሌግራም ሠሪዎች ስለ ሥልጣን የሚያውቁት ነገር ያለ አይመስለኝም። ያጠፋ ሰው እያነበበ እንዲቆይ፣ መጻፍ ብቻ ለአንድ ቀን እንዲከለከል አመቻችተዋል። ሰውየውን ትቶ መልእክቱን ብቻ ማጥፋትም ይቻላል። ጭቅጭቅ ሲጋጋል የአንድ ሰው አንዱ መልእክት ከሌላው እስከ 1 ሰዓት እንዲራራቅ የሚያደርግ ማብሪያ ሳይቀር ሠርተዋል። አድሚናችን እነዚህን ሁሉ አየና ሳቀ። ሪሙቭ እያለ ምን ሲደረግ! ስንጀምር 140 ነበርን፤ ዛሬ 112 ነን። ሰላም የሰፈነውም በዚሁ ነው።

ሕጉ አናት ላይ ፒን ተደርጓል፦ «ሥነ ሥርዓት ይከበር»። ሥነ ሥርዓት ምን እንደሆነ የሚታወቀው ከተባረሩ በኋላ ነው።

አንዲት የሰፈራችን እናት «ይህን ጸሎት ለ10 ሰው ላኩ» የሚል መልእክት ደርሷቸው፣ ቁልፉን ሦስት ጊዜ ነክተው ኖሮ ሦስት ጊዜ ግሩፑ ላይ ገባ። ወዲያው ተባረሩ። ቤታቸው ከአድሚኑ ቤት ሁለት አጥር ቢያልፍ ነው፤ ቡና ባፈሉ ቁጥርም ይጠሩታል። «እማማ፣ ይሄ እዚህ አይላክም፤ ስልክዎን ያምጡ ላሳይዎት» ቢላቸው ከአቦል በፊት ያልቅ ነበር። ይህ ግን ጉርብትና እንጂ አስተዳደር አይባልም።

በብሔር የሚሳደበው ጎልማሳ ደግሞ እስካሁን አለ። የአድሚኑ አብሮ አደግ ስለሆነ «ስሜታዊ ሆኖ ነው» ተብሎለታል። «1,000 ብር አስገብታችሁ 10,000 ውሰዱ» የሚለው ሊንክም ሳምንቱን ሙሉ ማንም ሳይነካው ከርሟል። አድሚን ሆዬ ጸሎት ሲያባርር ሌባ ለማየት ጊዜ ከየት ያምጣ?

ግሩፑ ከተከፈተ ወዲህ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ሥራ ፈትቶ ነበር። አንድ ማለዳ ጎረቤት አርፎ መርዶው በቴሌግራም ተነገረ። እኚያ እናት ሳይሰሙ ከቀብር ቀሩ። በደንቡ መሠረትም የቀሪ ቅጣት ተጻፈባቸው፤ የጻፈውም አድሚኑ ነው፤ የእድሩ ጸሐፊም እሱ ነውና።

በወር ስብሰባው ዳኛው «ለምን ቀሩ?» ብለው ጠየቋቸው። እድር እንዲህ ያለ ኋላ ቀር ልማድ አልለቀቀውም፤ ከመቅጣቱ በፊት ይጠይቃል።

«ማን ነግሮኝ?» አሉ።

ቅጣቱ ተነሳላቸው። ጥሩምባ ነፊውም ወደ ሥራው ተመለሰ። ጥሩምባው የሚነፋው ለተባረሩት 28 ሰዎች ተብሎ ነው፤ የሚሰማው ግን 140ውም ነው። ምን ይደረግ፣ ጥሩምባ አድሚን የለውም።