በስማችን የተሸጠው ቡና

ቦሌ ሚካኤል ቢሮ ያለው ሰው አውሮፕላን ሲያልፍ ንግግሩን ገታ ማድረግ ይለምዳል። ሰፈሩ ከኤርፖርቱ ጥግ ነው፤ አንዳንዱ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲመጣ የመስኮቱ መስታወት ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። ከውጭ ገዢዎች ጋር በቪዲዮ ስንነጋገር «ይኼ ምንድን ነው?» ብለው ይደነግጣሉ፤ ቢሯችን ከኤርፖርቱ አጠገብ መሆኑን ስነግራቸው ግን ፊታቸው ይፈታል። አይፈረድባቸውም። ባሕር ማዶ ሆኖ ቡና የሚገዛ ሰው ከዋጋው በፊት የሚያስጨንቀው ሌላ ነገር ነው፦ ይህቺ የምታናግረኝ ሴት በእርግጥ አለች ወይ? አውሮፕላኑ ቢያንስ አንድ የታወቀ ቦታ ላይ መቀመጤን ይመሰክርልኛል።

እኔና ታላቅ ወንድሜ ቡና ወደ ውጭ የምንልክ ትንሽ ድርጅት አለችን። እሱ ይርጋጨፌና ጉጂ እየተመላለሰ ቡናውን ይከታተላል፤ እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ ገዢውን፣ ባንኩንና የመሥሪያ ቤቱን ጉዳይ እይዛለሁ። ወደዚህ ሥራ የገባነው በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥር 1051፣ በሩን ከፈት ካደረገ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት አብዛኛው ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል በደረጃና በአካባቢ ተመድቦ ስለሚሸጥ የማን ማሳ እንዳበቀለው ለገዢው ማስረዳት አስቸጋሪ ነበር። አዋጁ የቡናውን ምንጭ ይዞ በቀጥታ ለመሸጥ ዕድል ሰጠ። ዕድል ተሰጠ ማለት ግን ገዢ ተገኘ ማለት አይደለም። ነባሮቹ ላኪዎች ለብዙ ዓመት ያፈሩት ደንበኛ አላቸው፤ አዲስ ገቢ ወይ ቲኬት ቆርጦ ውጭ አገር ኤግዚቢሽን ይሄዳል፣ ወይ ደላላ ይለምናል።

የእህቴ ልጅ ነው ሊንክዲን ላይ ያስገባን። ብዙ ሰው ሊንክዲንን ሥራ መፈለጊያ ብቻ አድርጎ ያየዋል። እ.አ.አ. በ2003 አሜሪካ ውስጥ ሥራ ሲጀምር በሙያ የሚተዋወቁ ሰዎችን ለማገናኘት ነበር የታሰበው፤ ማይክሮሶፍት በ2016 ሲገዛው የከፈለው 26.2 ቢሊዮን ዶላር የዚህ ትውውቅ ዋጋ ነው። ለቡና ነጋዴ ደግሞ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ጥሬ ቡና የሚገዙት ሰዎች፣ አስመጪዎቹ፣ ቆልተው የሚሸጡት፣ ቀማሾቹ ጭምር ስማቸውንና ኃላፊነታቸውን ጽፈው እዚያ ተቀምጠዋል። ኤግዚቢሽን ሄዶ አጠገባቸው ለመድረስ ስንት ብር ይፈሳል!

የእህቴ ልጅ ከሁሉ በፊት የመከረን ነገር እስከ ዛሬ ይጠቅመናል። «አክስቴ፣ “ምርጥ የኢትዮጵያ ቡና አለን” ብለሽ አትጻፊ፤ እሱን ሁሉም ይጽፋል። ዛሬ የሠራችሁትን ጻፊ» አለኝ። ወንድሜ ከማድረቂያ አልጋው አጠገብ ቆሞ የእርጥበት መለኪያውን በመዳፉ ይዞ የተነሳው ፎቶ ነበር፤ ቁጥሩ ከ12 በመቶ በታች መውረዱ በግልጽ ይነበባል። እሱን አወጣነው፤ ቡናው ከየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ እንደሆነና ስንት ቀን አልጋ ላይ እንደቆየ ከሥሩ ጻፍን። ሀምቡርግ ውስጥ አነስተኛ የቡና መቁያ ያላት ሴት አይታው ናሙና ጠየቀች። በፖስታ ላክንላት፤ ቀመሰችው፤ ጥቂት ጆንያ ገዛች። ቡናው በደረሳት ሰሞን ገጼ ላይ አጭር ምስክርነት ጻፈች፦ የመጣው ቡና ከናሙናው ጋር አንድ ነው። ከቡና ንግድ ውጭ ላለ ሰው ይህ ምንም ላይመስል ይችላል። ለእኛ ግን ከዚህ የሚበልጥ ሙገሳ የለም፤ ናሙናው ሌላ፣ ኮንቴይነሩ ሌላ ሆኖ የተቃጠለ ገዢ በየአገሩ ሞልቷልና።

ሀምቡርግን ካነሳሁ አይቀር፣ ጀርመኖች የራሳቸው የሙያ መተዋወቂያ አላቸው። ዚንግ ይባላል፤ እሱም እ.አ.አ. በ2003 እዚያው ሀምቡርግ ተመሠረተ። ሀምቡርግ የቡና ወደብ ነች፤ ጀርመን ደግሞ ከሳዑዲ ዓረቢያ ጋር ከዋነኞቹ የኢትዮጵያ ቡና ገዢዎች አንዷ ነች። ደንበኛችን ዚንግ ላይ ለሚያውቋት ቆይዎች ስለ እኛ ጽፋላቸው ከመካከላቸው ናሙና የጠየቁን አሉ። እኛ ጀርመንኛ አናውቅም፤ የሄደልን የእሷ ቃል ነው።

ሥራው እንዲህ መልክ ሲይዝ የ2012 ዓ.ም. ክረምት መጣ። ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ ሰኔ 23 ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለሦስት ሳምንት ያህልም ጠፍቶ ቆየ። አገር ሐዘን ላይ ሆኖ ስለ ንግድ ማውራት ይከብዳል፤ ቢሆንም በዚያ ሰሞን ያጣነውን አልረሳውም። ዋጋ ልከንላቸው መልስ የሚጠብቁ ገዢዎች ነበሩ፤ ለእነሱ ድንገት ድራሻችን ጠፋ። የሀምቡርጓ ብቻ የቢሮውን የጠረጴዛ ስልክ ፈልጋ ደወለች። ደህንነታችንን ጠይቃ «ሲከፈት እንነጋገራለን» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ገጻችን ላይ የቢሮ ስልኩ፣ የሕንፃው ስምና የፎቁ ቁጥር ሳይጻፍ የሚወጣ ነገር የለም። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ለወራት ሲዘጉ ይህ በጣም ጠቀመን።

ያ አድራሻ ነው እንግዳውን ደጃችን ድረስ ያመጣው።

የታኅሣሥ ወር ነበር፤ የአዲሱ ቡና ሥራ የሚጦፍበት ጊዜ። አንድ ጎልማሳ ሻንጣውን እየጎተተ ደረጃውን ወጥቶ ገባ። ግብፃዊ ነው፤ ዱባይ ላለ የቡና ድርጅት ነው የሚሠራው። ከኤርፖርት በቀጥታ መምጣቱ ነበር። ሰላምታም ሳይበዛ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋ። የሽያጭ ውል ነው፦ አንድ ኮንቴይነር የታጠበ ይርጋጨፌ፣ 320 ጆንያ፣ እያንዳንዱ 60 ኪሎ፣ በድምሩ 19,200 ኪሎ። የድርጅታችን ስም አለበት፤ አርማችን አለበት፤ ከታች በእኔ ስም ተፈርሟል። ፊርማው የእኔ አይደለም። ማኅተሙንም በሕይወቴ አይቼው አላውቅም።

ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ሊንክዲን ላይ በእኔ ስምና ፎቶ የተከፈተ ሌላ ገጽ አለ። የወንድሜ የእርጥበት መለኪያ ፎቶ አለ፤ የለቃሚ ሴቶቻችን ፎቶ አለ፤ የሕንፃችንና የፎቁ ቁጥር ሳይቀር ተገልብጧል። የተለወጠው ስልኩና ኢሜይሉ ነው፤ ኢሜይሉ ላይ አንድ ፊደል ተጨምራለች። ድርጅቱ ቀብድ የከፈለው ከኢትዮጵያ ውጭ ወዳለ ሒሳብ ነው፤ መርከቡ ግን አልመጣም።

«ገንዘባችንን ወይም ቡናችንን!» እያለ ድምፁን ከፍ አደረገ። ልወቅሰው አልቻልኩም፤ በእሱ ዓይን ሌባዋ እኔ ነኝ። እንግሊዝኛውም የእኔም የእሱም ለጠብ እንጂ ለማስረዳት የሚበቃ አልነበረም። ሮጬ ምድር ቤት ወረድኩና ጨርቅ የሚሸጡትን ሐጂን ጠራኋቸው።

ቦሌ ሚካኤልን የማያውቅ ካለ፣ ሰፈሩ ሶማሌዎች በብዛት የሚኖሩበትና የሚነግዱበት ነው። ሐጂ የጅግጅጋ ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው ጂዳ ሠርተዋልና ዐረብኛው እንደ አፍ መፍቻቸው ነው። ወጥተው ሰውየውን ሰላም አሉት፤ ወረቀቱን ተቀብለው አጠፉት፤ ወደ እኔም ዞረው «ልጄ፣ ሰውየው ከመንገድ ነው የመጣው። መጀመሪያ ይብላ» አሉ።

«ሐጂ፣ ሌባ እያለኝ እኮ ነው!»

«ይበል። ጠግቦ ሲሰማሽ ሌላ ይላል።»

ከሕንፃው ጀርባ ካለው ሶማሌ ቤት ገባን። ሩዝ በፍየል ሥጋ፣ ከጎኑ ሙዝ፣ በኋላ በቅመም የፈላ የወተት ሻይ። ሐጂ ቡናውን ሳያነሱ ስለ ጂዳ አወሩት፤ ሰውየውም ስለ እስክንድርያ አወራቸው። ከሻይ በኋላ ነው ወደ ጉዳዩ የገቡት። በዐረብኛ የነገሩትን ኋላ ተረጎሙልኝ፦ «ይህቺን ልጅ እዚህ ሕንፃ ከገባች ጀምሮ አውቃታለሁ። ሱቄ እዚያ ነው፤ ስሜ ይኼ ነው። ዋሽታህ ከሆነ እኔን ጠይቀኝ።»

ቢሮ ተመልሰን የላኪነት ፈቃዳችንን፣ በእውነተኛው ማኅተም የታተሙትን የቀድሞ ውሎች፣ የባንክ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየ። የኢትዮጵያ ቡና ላኪ ውሉን በአገር ውስጥ እንደሚያስመዘግብ፣ ገንዘቡም በአገር ውስጥ ባንክ በኩል እንደሚገባ ሐጂ እየተረጎሙ አስረዳሁት። ሀምቡርግ ደወልን፤ ደንበኛችን ራሷ አናገረችው። ማምሻውን አብረን ፖሊስ ጣቢያ ሄደን ቃላችንን ሰጠን። ለሊንክዲንም አመለከትን፤ ማንነቴን የሚያረጋግጥ ሰነድ ልከን ከብዙ ምልልስ በኋላ የሐሰቱ ገጽ ወረደ። ገንዘቡ ግን አልተገኘም። ያ ሰው በሚቀጥለው ቀን ባዶ እጁን ወደ አለቆቹ ሲሳፈር የተሰማኝን ሐዘን አሁንም አልተውኩትም። እኛን አምኖ ነው የተዘረፈው፤ እኛ ባናውቅም የታመነው ስማችን ነው።

የስም ጉዳይ ለዚህች አገር ቡና አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በ1997 ዓ.ም. ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመልክቶ ነበር። በእነዚህ ስሞች ምክንያት ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ስታርባክስ ጋር የተነሳው ክርክር ዓለምን አነጋግሮ በ1999 ዓ.ም. በስምምነት ተዘጋ። ስም ገንዘብ መሆኑን የሚያሳይ ሌላም አለ፦ በ2012 ዓ.ም. በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በተካሄደው የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ ውድድር ያሸነፈው የሲዳማው ገበሬ ንጉሤ ገመዳ ቡና በጨረታ ፓውንዱ 185.10 ዶላር ተሸጠ። ገዢው ያን ሁሉ የከፈለው ጣዕሙን የቀመሱ ዳኞች ከነስሙ ስለመሰከሩለት ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላል ያገሬ ሰው፤ በቁም ደግሞ ይሸጣል፣ ይሰረቃልም።

ከዚያ ወዲህ የሐጂንና የጎረቤቶቻቸውን ንግድ በሌላ ዓይን አየዋለሁ። ከጅግጅጋ ናይሮቢ ኢስሊ፣ ከኢስሊ ዱባይ ዕቃ የሚንቀሳቀሰው በስልክ ቃል ነው። ቃሉ የሚጸናው ማዶ ያለውን ሰው የሚያውቅ፣ ቢያጠፋ የሚጠየቅለት ሌላ ሰው ስላለ ነው። ሊንክዲንም ለነጋዴ የሚጠቅመው ለዚህ ሲውል ብቻ ይመስለኛል። በሺህ የሚቆጠር ተከታይ የሐሰቱም ገጽ ነበረው። የሀምቡርጓ ምስክርነት ግን አልነበረውም፤ እሷን የመሰለ ሰው በፎቶ አይገለበጥምና።

ግብፃዊው ከሄደ በኋላ በራሱ ገጽ ላይ የደረሰበትን ሁሉ ጻፈ። የትኛው የእኛ እውነተኛ ገጽ እንደሆነ አመለከተ፤ ቢሯችን መጥቶ ያየውን፣ ሐጂ ያሉትን ሳይቀር አሰፈረ። የድርጅቱ ገንዘብ ጠፍቶበት ለእኛ ስም መቆሙ ትልቅነት ነው። ያንን አንብበው ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የጻፉልን ገዢዎች እኛ በራሳችን ጽሑፍ ካገኘናቸው ይበልጣሉ። ሁሉም መጀመሪያ የቢሮ ስልኩን ደውለው ያረጋግጣሉ፤ እኛም ደስ እያለን እናነሳለን።

የኢትዮጵያ ቡናና ሻይ ባለሥልጣንና የቡና ላኪዎች ማኅበር አንድ ነገር ቢያደርጉልን እወዳለሁ። ፈቃድ ያለውን እያንዳንዱን ላኪ ከእውነተኛ ገጹና ከቢሮ ስልኩ ጋር፣ በእንግሊዝኛና በዐረብኛ፣ ማንም ገዢ በቀላሉ በሚያገኘው ቦታ ያስቀምጡ። ገዢ ቀብድ ከመላኩ በፊት የሚያየው ዝርዝር ይኑረው። እስከዚያው ግን ላኪዎች እርስ በርሳችን እንመሰካከር። አንተ የምታውቀው፣ ናሙናውንና ኮንቴይነሩን አንድ አድርጎ የሚልክ ሰው ካለ ገጹ ላይ ገብተህ በስምህ ጻፍለት። ተፎካካሪዬ ነው ብለህ አትተወው፤ በእሱ ስም የተዘረፈ ገዢ ነገ ያንተንም ቡና አይገዛም።