ሳያይ የሚፈርድ

በኢንቴል ላፕቶፕ ላይ ለኤአርኤም ራውተር ፕሮግራም ኮምፓይል ሲደረግና ሲከሽፍ፣ ባለሙያው የሚያነበው የመጨረሻውን የስህተት መስመር ነው፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀደም ብሎ በትሕትና ተናግሮ አልፏል። ሊንከሩ «ላይብረሪው አልተገኘም» ብሎ ከመሞቱ በፊት፣ የላፕቶፑን ላይብረሪ አይቶ «ይህ አይገጥምም፣ ዘለልኩት» ብሎ ነበር። ማን ሰምቶት! ባለሙያው ያንኑ ላይብረሪ ላፕቶፑ ላይ እንደገና ይጭናል። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ኮንፊገር የሚባለው ስክሪፕት ነው። የመሣሪያውን ጠባይ ለማወቅ ትንሽ የሙከራ ፕሮግራም ማስኬድ ይፈልጋል፤ የኤአርኤም ፕሮግራም ደግሞ ኢንቴል ላይ አይሄድም። ስለዚህ ይገምታል። እንደ ዩሲሊብሲ ያለ ላይብረሪ ሲገጥመው፣ ሜሞሪ የሚያድለውን ማሎክን ሳይሞክር «ጉድለት አለበት» ብሎ ይፈርድና አርፒኤል ማሎክ በሚባል ምትክ ይሽረዋል፤ ተሿሚውን የጻፈ ከሌለ ሊንከሩ ይወድቃል። በሌለበት የተፈረደበት ተከሳሽ እንኳ ይግባኝ አለው። የማሎክ ይግባኝ ደግሞ መልሱን አስቀድሞ ለዳኛው ሹክ ማለት ነው፤ ያኔ ስክሪፕቱ ሳይጠይቅ ያምናል።

«ታዲያ እዚያው ራውተሩ ላይ ለምን ኮምፓይል አይደረግም?» የሚል አይጠፋም። በ64 ሜጋባይት ራም ትልቅ የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮግራም የሚሞክር ሰው የቅዱሳን ትዕግሥት ይኖረው ይሆናል፤ ከርነሉ ግን የለውም፤ ራሙ ሲያልቅ ብዙውን ጊዜ የሚገድለው ኮምፓይለሩን ነው።