ስሜን ጻፊልኝ

ከሰልፍ በፊት ባለችው ግማሽ ሰዓት አንድ የ10ኛ ክፍል መማሪያ ክፍል ገብቶ ያየ ሰው፣ «የዘንድሮ ልጅ ሥራ አይወድም» የሚለውን ሐሜት ሁለተኛ አይደግመውም። ለሦስት በተሠራ ዴስክ ላይ ስምንት ልጅ ተደፍቷል። ቦታ ያጣው የጓደኛውን ጀርባ ጠረጴዛ አድርጎ ይጽፋል። የሰቃይዋ ደብተር መሐል ላይ ተዘርግቶ፣ በግራ የቆሙት አንደኛውን ገጽ፣ በቀኝ የቆሙት ሁለተኛውን ይዘዋል፤ ገጹ የሚገለጠው በስምምነት ነው። «ጨረሳችሁ?» «ቆይ፣ አንዲት መስመር!» ትናንት በአርሴናልና በማንቼ ምክንያት ሊተናነቁ የደረሱት ሁለት ልጆች ዛሬ አንድ እስክሪብቶ ይቀባበላሉ። ትጋት አለ፣ ፍጥነት አለ፣ መከባበር አለ፣ ሰዓት ማክበር አለ። የሌለው ሒሳቡ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ መተጋገዝ ይባላል። ስሙን ያወጡለት ደግሞ ልጆቹ ብቻ አይደሉም። እናት «ጓደኛሽን አግዣት እንጂ፣ ምን ይጎድልብሻል?» ትላለች። መምህሩ «እየተረዳዳችሁ ሥሩ» ብሎ ደወል ሲደወል ይወጣል። ርዕሰ መምህሩ በወላጆች ቀን ስለ ተማሪዎቹ የመደጋገፍ ባህል ንግግር ያደርጋል፣ ይጨበጨብለታል። ተረቱም ከጥንት ተዘጋጅቶ ጠብቋቸዋል፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። እዚህ ክፍል ውስጥ ተረቱ ትንሽ ማሻሻያ ተደርጎበታል፤ ሃምሳውንም ሎሚ አንዷ ትሸከማለች፣ ሃምሳዎቹ ያጌጡበታል።

እኔ በበኩሌ ከሁሉ የማደንቀው የትምህርት ዓይነቶቹን ያቀናጁበትን መንገድ ነው። የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያዎች ሒሳብን ከፊዚክስ፣ ታሪክን ከጂኦግራፊ አስተሳስሮ ስለ ማስተማር ስንት ዓመት ሲሰበሰቡ ኖሩ። ተማሪዎቹ ያለ አበል ጨርሰውታል። የሒሳብ የቤት ሥራ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ይሠራል፣ የባዮሎጂው በሒሳብ፣ የኬሚስትሪው በዜግነት ትምህርት፤ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ለሁሉም ክፍት ነው። እያንዳንዱ ትምህርት በሌላው ትምህርት ውስጥ በደንብ ይገኛል። በራሱ ሰዓት ብቻ የለም።

ልውውጡም የራሱ ተመን አለው። አንድ ገጽ የፊዚክስ ስሌት በሁለት ገጽ የእንግሊዝኛ ድርሰት ይመነዘራል። ታሪክ ርካሽ ነው፤ ቢረዝምም ማሰብ አይጠይቅም፣ ከመጽሐፉ ላይ እጅ ብቻ ይበቃዋል። ሥዕል ያለበት ባዮሎጂ ይወደዳል፤ ልብን ከነደም ሥሮቿ አሳምሮ የሚሥል ልጅ ዓመቱን ሙሉ ፓስቲና ሻይ በነፃ ይበላል፣ ይጠጣል። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ሲለቀቅ አገር ሲናጥ፣ የፊዚክስና የእንግሊዝኛ ምንዛሪ ንቅንቅ አላለም።

ስሕተት እንኳ እዚህ ባለቤት አያጣም። ሰቃይዋ ቸኩላ 7ን 1 አስመስላ ከጻፈች፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ 1 ይሆናል፣ አራተኛው ረድፍ ላይ የእንግሊዝኛው «ኤል»፣ መጨረሻው ረድፍ ላይ ደግሞ ያልተዘጋ ቅንፍ ሆኖ ያርፋል። የብራና መጻሕፍት የሚመረምሩ ሊቃውንት የትኛው ቅጂ ከየትኛው እንደተገለበጠ የሚያውቁት ከስሕተቱ ነው። አንድ ጠዋት ቢጋበዙ የክፍሉን የዘር ሐረግ እስከ ምንጩ ያወጡት ነበር። ልዩነቱ፣ የብራናው ቁም ጸሐፊ የሚገለብጠውን ያነብ ነበር።

የእንግሊዝኛ መምህሩ «ስለ ቤተሰባችሁ አንድ አንቀጽ ጽፋችሁ ኑ» ያለ ዕለት ደግሞ ክፍሉ በአንድ ሌሊት ሥጋ ዘመድ ሆኖ ያድራል። አባታቸው ሁሉ ሹፌር፣ እናታቸው ሁሉ ነርስ፣ ሁሉም ሁለት ታናናሽ እህቶች ያሏቸው፣ አያታቸውም ሁሉ ደሴ የሚኖሩ ናቸው። አባቱ የእውነት ሹፌር የሆነው ልጅ ብቻ ከሌላ ቡድን ስለገለበጠ አባቱን ነጋዴ አድርጎት መጥቷል። መምህሩ ሁሉንም ራይት አድርጎ መልሷል።

መምህሩን ለመውቀስ የሚቸኩል ሰው መጀመሪያ ትንሽ ይደምር። በክፍሉ ስልሳ ተማሪ አለ፤ ክፍለ ጊዜው አርባ ደቂቃ ነው። ሌላ ምንም ሳያስተምር ደብተር ብቻ ቢያይ ለአንዱ ልጅ አርባ ሰከንድ ይደርሰዋል። አምስት ክፍል ካለው ሦስት መቶ ደብተር ነው። ስለዚህ የሚታየው መልሱ አይደለም፣ ገጹ ላይ ቀለም መኖሩ ነው። ልጆች ደግሞ ብልሆች ናቸው፤ የሚፈለገው ቀለም ከሆነ ቀለም ያቀርባሉ። ደመወዙ ወር የማያደርሰውን ሰው ስልሳ የተለያየ መልስ አምጥቶ አንብብ ማለትስ ጭካኔ አይደለም? አንድ ዓይነት መልስ ማምጣት ለመምህሩም መተጋገዝ ነው።

መንግሥትም ይህን ጥበብ ቀድሞ ተረድቶት ነበር። በዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅዱ ዘመን ገበሬው፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ እናቶች ሁሉ በአንድ ለአምስት ሲደራጁ ተማሪውም አልቀረም፤ የትምህርት ልማት ሠራዊት ተብሎ፣ ጎበዙ አምስቱን ይዞ እንዲያበቃ ታዘዘ። ሐሳቡ ወረቀት ላይ ሲነበብ ያምራል። አንዱ ያወቀውን ለአምስቱ ያስረዳል፣ አምስቱ ይጠይቃሉ፣ ስድስቱም ያድጋሉ። ማስረዳትና መጠየቅ ግን ጊዜ ይወስዳሉ፤ ሪፖርቱ ደግሞ ዓርብ መግባት አለበት። ስለዚህ አንዱ ሠራ፣ አምስቱ ገለበጡ፣ ሪፖርቱ ሰዓቱን ጠብቆ ገባ። አደረጃጀቱ ስሙ ቢጠፋም ሥራው ቀጥሏል፤ እንዲያውም ያለ ቃለ ጉባኤ ይበልጥ ቀልጣፋ ሆኗል።

ከፍተኛ ደረጃው የቡድን ሥራ ይባላል። ከአሥር የሚታሰብ የኬሚስትሪ ወይም የጂኦግራፊ ጥናት ሲታዘዝ ስምንት ልጅ ይመደባል። አንዷ ትሠራለች። ሌላው ለጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቱ ብር ያዋጣል፣ ሦስተኛው የሽፋኑን ሐረግ ይመርጣል፣ አራተኛው ስፓይራሉ ሰማያዊ ይሁን ይላል። አምስተኛው ታሟል። የቀሩት ሦስቱ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ስልክ ይደውላሉ፤ «እንዴት ነሽ? ደህና አመሸሽ? ስሜን ጻፊልኝ እሺ! ከነአያቴ ስም!» በዚህች አገር የድርሰት ታሪክ ውስጥ እንዲህ በአንድ የስልክ ጥሪ ደራሲ የተሆነበት ዘመን የለም። ጽሑፉ ራሱ ከዊኪፒዲያ ከነሰማያዊ መስመሮቹ ታትሞ ሲመጣ፣ ልጅቱም አንብባው ከሆነ ዕድለኞች ነን። በቀረበበት ቀን ስምንቱም ተሰልፈው እየተፈራረቁ አንድ አንድ አንቀጽ ያነባሉ። ጥያቄ ካለ ተብሎ ሲጠየቅ ክፍሉ በሙሉ ዝም ይላል። ይህም መተጋገዝ ነው፤ የዛሬ ጠያቂ ነገ አቅራቢ ነውና።

ስለ ሰቃይዋ ትንሽ ልቆይ። እሷ ነች የድርጅቱ ጠቅላላ ካፒታል፣ ግን አክሲዮን የላትም። ማታ ቤት ገብታ እንጀራ አቅርባ፣ ዕቃ አጥባ፣ ታናሽ ወንድሟን አስተኝታ፣ መብራት ካለ አምስት ሰዓት ድረስ ትሠራለች። ጠዋት በር ላይ ይቀበሏታል፤ ቦርሳዋን የሚይዝላት አለ፣ ደብተሩን የሚያወጣላት አለ፣ ዚፑን የሚከፍትላት አለ። ንግሥት ነች፤ እስከ ሰልፉ። ሰልፉ ላይ ሰንደቅ ዓላማው ሲወጣ ማንም አያያትም።

አንድ ቀን «ዛሬ አልሰጥም» ካለችስ? ያኔ ነው የመተጋገዝ ባህላችን ጥርሱን የሚያሳየው። ስስታም ትባላለች። ጉረኛ ትባላለች። «ምን አለበት? ካንቺ ላይ ይቀነሳል?» ይላታል ከመስከረም ጀምሮ አንዲት ጥያቄ በእጁ ሠርቶ የማያውቅ ልጅ፣ ከልቡ አዝኖ፣ እንደተካደ ሰው። የቅርብ ጓደኞቿ ለሁለት ቀን ያኮርፏታል። ነገሩ ቤቷ ድረስ ይደርስና እናቷ በሰፈር ፊት እንዳታፍር ብላ ትመክራታለች፤ «ልጄ፣ ሰው በሰው ነው የሚኖረው»። በሦስተኛው ቀን ደብተሩ ይወጣል። ይህን ያህል የተሳካ የግብር አሰባሰብ ገቢዎች ሚኒስቴርም አላየ። በነገራችን ላይ፣ ወንዱ ሰቃይ ደብተር ሲከለክል «ኮስታራ ነው፣ አትንኩት» ይባላል።

ይህን ማኅበር የሚበጠብጡ አንዳንድ ልጆችም አልጠፉም። ሁሉም እየገለበጠ ሳለ አንዱ ድንገት ጣቱን ሦስተኛው መስመር ላይ አድርጎ «ይቺ ነጌቲቭ ከየት መጣች?» ይላል። ከኋላው ወረፋ የያዙት ያጉረመርማሉ። «አንተ ዝም ብለህ ጻፍ!» ሰቃይዋ ግን፣ እሱ ሲጠይቃት፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል ፊቷ ይበራል። ወደ ሌላ ማዶ ሲሻገር ምልክቱ እንደሚለወጥ ልትነግረው ትጀምርና ለምን እንደሚለወጥ ራሷም እስከ ዛሬ እንዳላሰበችው ታገኛለች፤ ከሁለቱም ወገን እኩል መቀነስ ማለት መሆኑን እዚያው ቆማ ታወጣዋለች። ሁለት ሰው በአንድ ጥያቄ ተማረ። ስድስት ሰው ደግሞ ሳይገለብጥ ሰልፍ ተደወለ። እንዲህ ያለ ጸጥታ አደፍራሽ በየክፍሉ አለመብዛቱ በጀን።

አባቶቻችን በዚህ ረገድ እጅግ ኋላ ቀር ነበሩ። የቆሎ ተማሪው ተዘዋውሮ የለመነውን ከጓደኞቹ ጋር ይካፈላል፤ የበረታው ጀማሪውን ይዞ ቀለሙን ሲያስጠናው ይውላል፤ ጎጆውም በጋራ ነው። ቅኔ ቤት ላይ ሲደርስ ግን የዕለቱን ቅኔ እያንዳንዱ ከራሱ ልብ አውጥቶ መምህሩ ፊት ቆሞ ማሰማት አለበት፣ የሌላውን ቅኔ ይዞ መቅረብ ውርደት ነው። እንጀራ እየተካፈሉ ቅኔ መከልከል! ይህን ስስት ዘመናዊው ትምህርት ቤታችን ገልብጦታል፤ እንጀራውን እያንዳንዱ ለብቻው በምሳ ዕቃው ይበላል፣ ቅኔውን ይካፈላል።

ታዲያ ይህን የመሰለ ኅብረት ማን በተነው? ትምህርት ሚኒስቴር። የ2014ን የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከየሰፈራቸው አንሥቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አስገባቸው፤ ስልክ ተከለከለ፣ ፈታኙ የማያውቃቸው ሰው ሆነ፣ ሰቃይዋ በሌላ ሕንፃ ተቀመጠች። ውጤቱ እንደሚታወቀው ነው፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ብቻ ሆነ። በ2015 ከ845 ሺህ ገደማ ተፈታኝ 27,267 አለፉ፤ 3.2 በመቶ። በ2017 ወደ 8.4 ወጣ ተብሎ ደስ አለን። ጦርነቱን፣ ኮሮና የበላውን ጊዜ፣ ለብዙ ልጅ አንድ የሚደርሰውን መጽሐፍ ሳልረሳ ነው ይህን የምለው፤ ድሃ ቤት ያደገን ልጅ በኩረጃ ብቻ ወደቀ ማለት ግፍ ነው። ግን አንድ ስሌት ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። 3.2 በመቶ፣ ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ሲሰላ ሁለት ልጅ ገደማ ነው። አንዷ ሰቃይዋ፣ አንዱ ያ «ነጌቲቯ ከየት መጣች?» ያለው በጥባጭ። በዚያው በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉ 1,328 ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ እዚያ ያሉት ልጆች አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከማን ሲገለብጡ እንደኖሩ እስካሁን ምስጢር ነው።

አሁን ደግሞ የማያኮርፍ ሰቃይ ተገኝቷል። ጥያቄውን ፎቶ አንሥተህ ለቻትጂፒቲ ትልክለታለህ፣ እንጀራ አቅርቢ አይባል፣ መብራት ጠፋብኝ አይል፣ እናቱን ማስፈራራት አያስፈልግም። የመጀመሪያዎቹ የቤት ሥራዎች «ደስ ይለኛል፣ የጠየቁኝ ድርሰት ይኸውና» የሚለውን መግቢያ ከነሰላምታው ይዘው ለመምህሩ ገብተዋል። መምህሩም ለትሕትናው አንድ ማርክ ሳይጨምር አልቀረም። ከሁሉ በላይ የተጠቀመችው ሰቃይዋ ነች፤ ዘንድሮ ማንም ቦርሳዋን አይይዝላትም።

ለሚኒስቴሩ የማቀርበው ሐሳብ ግን ሌላ ነው። ልጆቹን ብቻቸውን መፈተን ለወደፊት ሥራቸው አያዘጋጃቸውም። የሚቀጠሩበትን ቢሮ እናውቀዋለን። የሥልጠና አበል ሲመጣ አቴንዳንሱ ላይ «ስሜን ጻፊልኝ» የሚባባሉበት፣ አንዷ ባለሙያ ሪፖርት ስትሠራ ስምንት ኃላፊ የሚፈርምበት፣ የዘንድሮ ዕቅድ የአምናው ከነፊደል ግድፈቱ ሆኖ ዓመተ ምሕረቱ ብቻ የሚታደስበት ቢሮ ነው። ለዚህ ሥራ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ በትጋት የሠለጠነን ወጣት በፈተና መጣል የሰው ኃይል ማባከን ነው። እንዲያውም ከየትምህርት ጽሕፈት ቤቱ አንዱ የተማሪዎችን ኩረጃ ለመከላከል የተዘጋጀ የድርጊት መርሐ ግብር ይጠየቅና ይታይ። የጎረቤት ወረዳ ስም ገጽ አራት ላይ ሳይለወጥ ቀርቶ ቢገኝ እኔ አልደነግጥም።