ልምድ ያለው ጀማሪ ይፈለጋል

የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊዎችን የሚያማ ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። እነሱ ባይኖሩ ኖሮ በታሪክ፣ በፍልስፍና፣ በሶሲዮሎጂና በሥነ ጽሑፍ የተመረቀው ወጣት ሁሉ ገና ዲግሪው ሳይደርቅ ሥራ ይዞ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ምን የመሰለ የወጣትነት ዘመኑን ሲፈጅ ነበር። አሁን ግን ተመስገን ነው። ጠዋት አራት ኪሎ ይወርዳል፣ ጋዜጣ አከራዮቹ ዘንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ የሪፖርተርን የማስታወቂያ ገጾች ከዳር እስከ ዳር ይወጣቸዋል፣ ማታ ደግሞ ቴሌግራም ላይ ያመሻል። የንባብ ባህላችን ሞተ እያሉ ሙሾ የሚያወርዱ ምሁራን መጥተው ይዩልኝ።

የሚያነበውም ተራ ነገር አይደለም። «የሥራ መደቡ መጠሪያ፦ ጀማሪ ባለሙያ። የሥራ ልምድ፦ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ።» ችኩል ሰው እዚህ ጋ ይስቃል። ዋናው ጥበብ ያለው ግን ግርጌው ላይ ነው፤ ቀጣሪ ማለት ምን ያህል አርቆ አሳቢ እንደሆነ የሚታየው እዚያ ነው። ልምዱ «ከምረቃ በኋላ የተገኘ» መሆን አለበት። ስለዚህ ልጁ ተማሪ ሳለ በየሰው ቤት እየዞረ ሕፃናት ሲያስጠና የከረመው ቀረ። «ቀጥተኛ አግባብነት ያለው» መሆን አለበት። ከተመረቀ በኋላ የአጎቱ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ ሲይዝ የቆየውም ቀረ። ከግል ድርጅት የመጣ ከሆነ ደግሞ «የሥራ ግብር የተከፈለበት» መሆኑ መረጋገጥ አለበት። አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ልምድ ላግኝ ብሎ ዓመት ሙሉ በነፃ ያገለገለው ልጅ ደመወዝ ስላልነበረው ግብር አልከፈለም፤ ግብር ካልከፈለ ደግሞ አልሠራም። ይኼን የመሰለ የሎጂክ ትምህርት ከየትኛው የፍልስፍና ክፍል ይገኛል?

የእህቴ ልጅ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ነው የተመረቀችው። አንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ይፈልጋል ሲባል ሰምታ ሄደች። ተሰልፋ ተሰልፋ መስኮቱ ጋ ደረሰች። የምትመዘግበው ሴትዮ ወረቀቷን ገለጥ አድርጋ «የኔ ቆንጆ፣ ያንቺ ተዛማጅ አይደለም» አለቻት።

«ሥራው ምንድን ነው?»

«ዜና መጻፍ፣ መጽሔት ማዘጋጀት፣ ለኃላፊዎች ንግግር ማርቀቅ።»

«እኔ እኮ የተማርኩት እሱን ነው።»

«አንቺ የተማርሽው ሥነ ጽሑፍ ነው። እኛ የምንፈልገው የሚጽፍ ነው።»

ከመስኮቱ በላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ «አመልካቾች ከነሙሉ ማስረጃችሁ ይዛችሁ እንድትቀርቡ» ይላል። ልጅቱ ልማድ ሆኖባት እስክሪብቶ አወጣች፤ ከዚያ አግባብነት ያለው የሥራ ልምድ እንደሌላት ትዝ ሲላት መልሳ ከተተችው።

ጥፋቱ የራሳቸው ነው የሚሉ አሉ። ማን ሶሻል ተማሩ አላቸው? መንግሥት እኮ ገና በ2001 ከመቶው ተማሪ 70ው ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ ብሎ መንገዱን አሳይቶ ነበር። ልክ ናቸው። ችግሩ የእህቴ ልጅ በተሰለፈችበት ሰልፍ ከፊቷ የቆመው ኢንጂነር መሆኑ ብቻ ነው። እሱም ተዛማጅ አይደለህም ተባለ፤ ቢያንስ እኩልነት አለ።

በ2015 ደግሞ የመውጫ ፈተና መጣ። 50 ያላመጣ አይመረቅም። ቀጣሪው ከእንግዲህ ተመዝኖ የወጣ ሰው አገኘ ብለን ነበር፤ ምስኪኖች! ቀጣሪው በፈተናው በጣም ደስ ብሎት ከ2 ዓመቱ ልምድ በተጨማሪ ውጤቱንም መጠየቅ ጀመረ። ኦሪጅናል ዲግሪውንም ያያል፤ ኦሪጅናሉ ግን የኮስት ሼሪንግ ዕዳ እስኪከፈል ዩኒቨርሲቲው ዘንድ ነው፤ ዕዳው የሚከፈለው ከደመወዝ፣ ደመወዙ የሚገኘው ኦሪጅናሉን ላሳየ። በጊዜያዊው ዲግሪ የሚቀጥር ደግ አይጠፋም፤ ደግነቱን ግን አስቀድሞ አይነግርህም።

አልፎ አልፎ «0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ ከተማው ይተራመሳል። ልምድ ያላቸው ጓደኞች የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ሰው አለህ?» ከሌለህ ማስታወቂያው የወጣው ለወጉ ነው፤ ሰው ያለው ልጅ ቀድሞ ውስጥ ገብቶ ወንበሩን አሙቆታል።

ቀጣሪዎቹን ግን ልከላከላቸው። የማያውቁትን ሰው ቀጥረው ቢከስሩስ? ይፈራሉ። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ አልረዳቸውም፤ አዲስ ሠራተኛን እስከ 60 የሥራ ቀን ሞክሮ፣ ካልሆነ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ማሰናበት ይቻላል ብሎ ነው የተዋቸው። 60 ቀን! ሰውን በ60 ቀን ማወቅ ማለት አብሮት መዋል፣ ማሠራት፣ ሲሳሳት ማሳየት ነው። ይኼ ሁሉ ድካም ከሚመጣ ሌላ መሥሪያ ቤት 2 ዓመት ይድከምበትና የበሰለውን እንብላ ማለት ምን ነውር አለው? ነውሩ፣ ያ ሌላው መሥሪያ ቤትም ግርጌው ላይ ያንኑ መጻፉ ነው።

እንደዚያም ሆኖ በዚህች አገር 2 ዓመት ልምድ ያላቸው ሰዎች አሉ። አይቻቸዋለሁ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ባጅ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይወጣሉ። ስለዚህ የሆነ ቦታ፣ የሆነ ጊዜ፣ ማስታወቂያ መጻፍ የማይችል አንድ ሞኝ ቀጣሪ ምንም የማያውቅ ልጅ አስገብቶ ደመወዝ ከፍሎታል ማለት ነው። የሰው ኃይል ኃላፊዎቻችን ሁሉ የሚኖሩት በዚህ ሰውዬ ትከሻ ላይ ነውና ሳያረጅብን ተተኪ ይፈለግለት፦

የሥራ መደቡ መጠሪያ፦ የመጀመሪያ ቀጣሪ። የትምህርት ደረጃ፦ ማንኛውም። የሥራ ልምድ፦ አንድ ቀን እሱም ጀማሪ የነበረ። ብዛት፦ የተገኘውን ያህል። ደመወዝ፦ በስምምነት።